አማቴና የባሕር ሬዲዮው

አገራችን ባሕር የላትም። ይህን ድሮም አውቀው ነበር፤ በደንብ የገባኝ ግን የባሕር ሬዲዮ ፈቃድ ልጠይቅ አንድ ቢሮ የገባሁ ቀን ነው። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ጨዋ ሰው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «መርከቡ የት ነው ያለው?» አለኝ። መርከብ የለኝም አልኩት። «ጀልባስ?» ጀልባም የለኝም። «ታዲያ ሬዲዮው ምን ላይ ነው የሚገጠመው?» እኔ ላይ ነው አልኩት። አድራሻዬ አሰላ እንደሆነ ማመልከቻው ላይ አይቷል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ብርድ ሰውን እንዲህ ያደርጋል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ በሐዘኔታ አየኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የውሃ ፓምፕ ገጣሚ ነኝ። ቤቴ አሰላ ነው፣ ሥራዬ ግን ቁልቁል ነው። ስንዴና ገብስ ካለበት ደጋ ወርጄ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ለሽንኩርትና ለቲማቲም አልሚዎች ፓምፕ እተክላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ፓምፑ ተበላሽቶበት ጠሩኝና ሄድኩ። ፓምፑን ፈትቼ ቀና ስል ውሃው ላይ አንድ ሰው ሲበር አየሁ። እየቀለድኩ አይደለም። ከውሃው ተነሥቶ የሰው ቁመት የሚያህል ከፍታ ወጣና፣ ሳይቸኩል ተመልሶ ወርዶ መንሸራተቱን ቀጠለ። ያን ቀን ፓምፑን መልሼ ስገጥም አንድ ብሎን ተረፈኝ። በሥራዬ ብሎን ተርፎኝ አያውቅም።

ካይት ቦርዲንግ ይሉታል። ወገብህ ላይ ሰፊ ቀበቶ ትታጠቃለህ፤ ከቀበቶው ረጃጅም ገመዶች ይወጣሉ፤ በገመዶቹ ጫፍ አንድ ክፍል የሚያለብስ ጨርቅ ነፋስ ይዞ ሰማይ ላይ ይቆማል። እግርህ ሥር ሰሌዳ አለ። ነፋሱ ጨርቁን ይጎትታል፣ ጨርቁ አንተን ይጎትታል፣ አንተም እንደ ሕፃን ትስቃለህ። ሲበር ያየሁት የውጭ አገር ሰው የሎጁ ደንበኛ ነበር፤ በየዓመቱ እየመጣ ሁለት ወር ይቀመጣል። ሁለት ዓመት በመጣ ቁጥር ውሃ እየጠጣሁ፣ እየወደቅሁ ከእሱ ተማርኩ። ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲሄድ አንዱን አሮጌ ካይቱን ተወልኝ። ብርቱካናማ ነው፤ ሁለት ቦታ ተጥፏል።

አሰላ ውስጥ ካይት ብሎ የሚጠራው ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ድንኳን ነው የሚለው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቤት ያመጣሁት ቀን አጥቤ ግቢ ውስጥ ዘርግቼ አሰጣሁት። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል የተዘረጋውን ነገር አይታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንባዋን እያበሰች ገባች። ማን እንደሞተ ከመጠየቋ በፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል አለቀሰች። እኛም ደነገጥንና የእሷ ሰው የሞተ መስሎን አብረን አለቀስን።

ባለቤቴ ነርስ ናት። መከልከል አትወድም፤ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ነው የምትወደው። ነገሩን አሰበችበትና አንድ ማታ ከእራት በኋላ ውሳኔዋን አሰማችኝ። «ውሃ መሀል ሆነህ ላገኝህ ካልቻልኩ አትሄድም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፤ ዳር ላይ ያለ ሰው ስለ አንተ እርግጠኛ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ይገባል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ጠርተን ብናጣህ ድንኳኑን ለዕድር እሰጠዋለሁ።» ይህን ስትል አልሳቀችም። የዕድራችን ድንኳን ማርጀቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የሬዲዮው ጉዳይ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። ስልክ በላስቲክ ጠቅልዬ ሞክሬ ነበር፤ እርጥብ ጣትን የስልክ መስታወት አይታዘዘውም። አንድ ጊዜ ባለቤቴ ጋ ልደውል ስል የቲማቲም ደንበኛዬ ጋ ደወልኩና ፓምፑ ምን ሆነ ብሎ አስጨነቀኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ወርጄ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ የጥበቃ ሠራተኞች የሚይዙትን ዓይነት ሬዲዮ አወጣና፣ «ይህ ውሃ የሚባል ነገር አይፈራም» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። እንግዲያውስ አንድ ባልዲ ውሃ ስጠኝና እንሞክረው አልኩት። ሬዲዮውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና መደርደሪያው ላይ መለሰው፤ «ዝናብ ማለቴ ነው» አለ።

ምን መምረጥ እንዳለብኝ ያስተማረኝ የሎጁ ጀልባ ነጂ ነው። የሐይቁ ዳር ልጅ ነው፤ ከእኔ ጥቂት ያንሳል፤ ጀልባው ላይ የባሕር ሬዲዮ አለው። «መጀመሪያ» አለኝ፣ «ከእጅህ ሲወድቅ የሚንሳፈፍ ይሁን። ከወደቀ በኋላ የሚሰምጥ ሬዲዮ ለዓሣ ነው የሚጠቅመው። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ትልቅ ይሁን፤ ስትፈራ ጣትህ ይደነዝዛል። ሦስተኛ፣ ደረትህ ላይ እሰረው። ሰሌዳው ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ ካደረግኸው አንተና እሱ ትለያያላችሁ፤ እሱ ይድናል።» ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ልሄድ ስነሣ ግን ከኋላዬ ጠራኝ። «ማን ሊሰማህ ነው ግን?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ባሕር ላይ መርከቦች ሁሉ ለጭንቅ ጊዜ የተመደበ አንድ መስመር ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ጠርተህ የሚሰማህ አታጣም። ላንጋኖ ላይ ግን ከጉማሬው በቀር ጆሮ ያለው የለም። ጀልባ ነጂው ራሱ ሬዲዮውን የሚከፍተው ጀልባው ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ሬዲዮ፣ ሁለተኛውንም የሚይዝ አንድ ሰው ያስፈልገኛል። ሬዲዮዎቹ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተገኙ፤ ፈቃዱንም ሎጁ ከራሱ ጋር አስመዘገበልኝ። ቤት አምጥቼ ሳፋ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ተንሳፈፉ። ባለቤቴ ቆማ አየችና፣ «እሺ፣ እነሱስ ይድናሉ፤ ዳር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው?» አለች። እሷና ጀልባ ነጂው ሳይነጋገሩ አንድ ናቸው።

የተገኙት ሰው አማቴ ናቸው፤ የባለቤቴ አባት። ራሳቸው ናቸው፣ «እኔ አለሁ አይደል?» ያሉት።

አማቴ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርና የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሱፍ ሳይለብሱ፣ ባርኔጣ ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን አሥር ደቂቃ የማይሞላው መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ምክንያቱም ሰላምታ አያጎድሉም። ባለ ጋሪውን፣ ባለ ባጃጁን፣ የስልጤዋን ባለ ሱቅ፣ አጥር ላይ የቆመችውን ሴት ሁሉ ቆመው ነው የሚጠይቁት። አንተን ጠይቀው አይበቃቸውም፤ ሚስት፣ ልጆች፣ የልጆች ትምህርት፣ ላሚቱ፣ ያለፈው ሳምንት ጉንፋን አንድ በአንድ ይነሣል። በአማርኛ የጀመሩት በኦሮምኛ ይደገማል። አንዴ፣ «አባባ፣ ዝናብ እየመጣ ነው» ብላቸው፣ «ሰላምታ የእግዜር ነው ልጄ፤ የእግዜርን አይቆርሱም» አሉኝ። ሁለታችንም በሰበስን።

የዚህ ሬዲዮ ጠባይ ደግሞ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት ብቻ ነው የሚችለው። የተናገረው ሰው ጣቱን ከቁልፉ ካላነሣ በቀር የሌላው ድምፅ አያልፍም። ልምምድ ያደረግነው አሰላ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ከላይ ቤታቸው በረንዳ ላይ፣ እኔ ታች አስፋልቱ ዳር። «አባባ፣ ይሰሙኛል?» አልኩ። ጀመሩ። እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ልጆቹስ፣ ልጄስ፣ ሥራስ፣ ያ ወገብህ። ጠዋት አብረን ቁርስ በልተናል። አንድ ባለ ጋሪ አጠገቤ ፈረሱን አቁሞ ሰላምታው እስኪያልቅ አዳመጠና፣ «ጨዋ ሰው ናቸው» ብሎኝ ሄደ።

ሲጨርሱ «ኦቨር» ይበሉ ብያቸው ነበር። አልፈለጉም። «ሰው አናግሬ በፈረንጅ ቃል ፊቱ ላይ በር አልዘጋም» አሉ። በምትኩ «በል እሺ» እንዲሉ ተስማማን፤ «በል እሺ» ሲሉ ተራው የእኔ ነው ማለት ነው። ሰላምታውን ስለማሳጠር ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንዴት ብዬ? ምራቅ የዋጡ ሰው ሰላምታዎን ይቀንሱ ይባላል? ሳቅሁና ተውኩት። አንድ ነገር ግን በጉልህ አስጠናኋቸው፤ ባትሪው እንዳያልቅ ሬዲዮውን ያጥፉና በየሩብ ሰዓቱ ይክፈቱት አልኳቸው። በመሣሪያ አዋቂነቴ ኮርቼ ነው ይህን ያልኩት። የተዘጋ ሬዲዮ ደግሞ ከድንጋይ አይሻልም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ፓምፕ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም ነበር።

አራት ቅዳሜ በሰላም አለፈ። አማቴ ከግራሩ ሥር ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ክራቫታቸውን አስረው ይቀመጣሉ፤ ሬዲዮው በቀኝ እጃቸው፣ ሰዓታቸው በግራቸው። በየሩብ ሰዓቱ ይጠሩኛል፤ እኔም ካይቱን ወደ አናቴ አቁሜ ሰላምታውን እቀበላለሁ። ከጀልባ ነጂውም ጋር በጣም ተዋደዱ። «አካም ጅርቱ?» ብለው የጀመሩት ሲያልቅ ምሳ ይደርሳል።

አምስተኛው ቅዳሜ መጋቢት ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ። የላንጋኖ ነፋስ በዚያ ሰዓት ወደ ዳር ነው የሚገፋው፤ ምንም ቢሆን መልሶ አሸዋው ላይ ይጥልሃል። ከኋላ፣ ከአርሲ ተራሮች በላይ ግን ጥቁር ደመና ተቀምጦ ነበር። አየሁት። አይቼ ደግሞ፣ ያ ለበቆጂ ገብስ ነው፣ እኛ ጋ አይመጣም አልኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው፤ እኔ እየሳቅሁ ነበር።

መጀመሪያ ነፋሱ ሞተ። ካይቱ ትንሽ ተንገዳገደና ወርዶ ውሃው ላይ ተኛ። ይህ ያጋጥማል፤ ትጠብቃለህ፣ ነፋሱ ሲመለስ ታነሣዋለህ። ነፋሱ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ከተራራው በኩል ነው፤ ቀዝቃዛ፣ የአሰላ ጠረን ያለው፣ ከዳር ወደ መሀል የሚገፋ ነፋስ። ካይቱን ላነሣ ስታገል ገመዶቹ እርስ በርሳቸው ተተበተቡ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ዞረ። እሱን ስፈታ ሰሌዳው ሄደ። ቀና ስል ግራሩ ትንሽ ቁጥቋጦ ሆኗል። ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሻለሁ፤ አልሰምጥም። ነገር ግን እየራቅሁ ነው፣ ውሃውም እየበረደ ነው፣ ዋኝቼ የምደርስበት ርቀት አይደለም። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝና ፈራሁ።

ሬዲዮው ደረቴ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው ጀልባ ነጂውን። ሰዓቱ ልክ ሩብ ላይ ነበር፤ ቁልፉን ተጫንኩ።

«አባባ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ፣ እሰማለሁ! እንዴት ዋልክ ልጄ? እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ውሃው እንዴት ነው? ነፋሱስ ተመቸህ? ወገብህ ተሻለህ? እኔ እዚህ በጥላው ተቀምጬ ከጀልባ ነጂው ጋር ስንጫወት ነበር፣ ሰላም ብሎሃል። ደህና ነህ ወይ ታዲያ? በል እሺ።»

አሁን ልናገር ነው። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፤

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። አፌ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ እንዴት ነህ ሲለው ደህና ነኝ፣ እርስዎስ ማለት የለመደ አፍ ነው፤ ውሃ ውስጥ ይሁን አልጋ ላይ አይለይም። ከዚያ ጣቴ ደግሞ፣ ጥያቄ የጠየቀ ሰው መልስ መጠበቅ ስላለበት፣ ከቁልፉ ላይ ተነሣ። አማቴም ስለ ጉልበታቸው ነገሩኝ። ስለ ጉልበታቸው በዝርዝር ነገሩኝ። እኔ ቁልፉን ደጋግሜ እጫናለሁ፤ የእሳቸው ጣት እስካለ ድረስ የእኔ ድምፅ የትም አይደርስም። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ደህና ከሆንክ ባትሪውን አንጨርስ፤ በሩቡ እንገናኝ» አሉና ጠፉ። ዘጉት። እንዳስተማርኳቸው።

ሩብ ሰዓት ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔ ግን ያቺን ሩብ ሰዓት አልረሳትም። ካይቱን እንደምንም ወደ ራሴ ስቤ ተጠመጠምኩበት፤ አየር ስላለው ይንሳፈፋል። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ለልጆቼ አሰብኩ፤ ለባለቤቴ አሰብኩ፤ የዕድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተክሎ፣ ያቺ ጎረቤታችን ነጠላዋን ዳግም አዘቅዝቃ ስትገባ ታየችኝ። ይህኛው አላሳቀኝም። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ፣ መናደዱም ረዳኝ። ሳይከፍቱት በፊት መናገር እጀምራለሁ አልኩ። ሰላምታ ሊጀምሩ አፋቸውን ሳይከፍቱ የእኔ ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ መግባት አለበት። እናም ለማንም ጆሮ፣ ለባዶ አየር፣ እየተጫንኩ እየለቀቅኩ አንድ ነገር ብቻ ደጋገምኩ። ለሽማግሌ ያለ ሰላምታ ተናግሬ አላውቅም፤ ስናገረው ምላሴ ይከብደኝ ነበር።

«አባባ፣ ደህና አይደለሁም። አባባ፣ ደህና አይደለሁም።»

ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ሬዲዮው ቀጭ አለ።

«ምን አልክ?» አሉ።

«ደህና አይደለሁም አባባ። ካይቱ ወድቋል። ወደ መሀል እየወሰደኝ ነው። ጀልባ ይላኩልኝ።»

«መጣን» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። የእኚህን ሰው አንድ ቃል ብቻ ያለው ንግግር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው እንደገና ተከፈተ። «ልጄ፣ ጀልባዋ ተነሥታለች። ጀልባ ነጂውና አንድ የሎጁ ሠራተኛ አሉባት። ነዳጅ አላት ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ፣ አላት። እግርህን አንቀሳቅስ። አትተኛ። ዳር የወጣህ ጊዜ የምትለብሰው የእኔ ኮት አለ።» «በል እሺ» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቁልፉን አለቀቁትም፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«ሽማግሌ የላክህ ጊዜ ሁለት ጊዜ የመለስኳቸው ለምን እንደሆነ ነግሬህ አላውቅም። ቤተሰብህን ጠልቼ አይደለም። ጫማህን አይቼ ነው። አንድ ቀን ቧንቧችንን ልትጠግን በጭቃ ጫማ ሳሎን ድረስ ገባህ። ይህ ልጅ ልጄን ጭቃ ውስጥ ነው የሚያኖራት አልኩ። ተሳስቼ ነበር። ያ ቧንቧ እስከ ዛሬ አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም። ይህን ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ሰው ለአማቹ እንዲህ ያለውን ነገር አይነግርም ብዬ ዝም አልኩ። ጀልባዋ አሁን ግማሽ ደርሳለች መሰለኝ፣ ዓይኔ አይለይም።»

ሕጉን አፍርሰዋል። መስመሩን ይዘውት ጀልባ ነጂው የት ነህ ብሎ ሊጠይቀኝ አይችልም፤ እኔም በዚህ በኩል ነኝ ልለው አልችልም። ያስተማርኳቸው ሁሉ ገደል ገብቷል። እኔ ግን ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ያዝኩት፤ እንዲለቁት አልፈለግሁም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ ቁልፉን ያለቀቅሁት ረስቼ አይደለም። ከለቀቅሁት ዝም እንዳትለኝ ፈርቼ ነው።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ። በውሃ ውስጥ ያለ ሰው ማልቀሱን ማንም አያውቅበትም፤ አለቀስኩ።

ጀልባዋን ሳላያት በፊት ሞተሯን ሰማሁ። ጀልባ ነጂው ያገኘኝ በብርቱካናማው ጨርቅ ነው፤ ከሩቅ ታይቶታል። ብብቴ ሥር ይዞ ጎትቶ አወጣኝና ጀልባዋ ወለል ላይ ጣለኝ። የእሱም ሬዲዮ ክፍት ነበር፤ የአማቴ ድምፅ ከዚያም ውስጥ ይወጣል። «የት እንዳለህ ልጠይቅህ ብዙ ሞከርኩ» አለኝ። «ሽማግሌው መስመሩን አለቀቁም። የጫማህን ነገር ግን ሰምቻለሁ።» ከዚያ ሳቀ፤ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ሳቅሁ።

አማቴ በሱፍ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። ከጀልባዋ ዘልዬ ፊት ለፊታቸው ስቆም እንኳ ሬዲዮውን አፋቸው አጠገብ ይዘው፣ «ደርሷል፣ አየሁት፣ ደርሷል» እያሉ ለእኔው ይነግሩኛል። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ደርቆ ነበር። በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ አነሣሁላቸው።

«ይልቀቁት አባባ። መጥቻለሁ።»

ኮታቸውን አለበሱኝ። የኮቱን ቁልፍ እየቆለፉልኝ፣ «ደህና ነኝ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አፌ ነው ያለው አባባ።»

«የሰማውም ጆሮዬ ነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለታችንም ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገንም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። እኔ አሁን ሞት ቀርቶልኝ ስለ ሌላው ፍርድ ማሰብ ጀመርኩ። «አባባ» አልኳቸው፣ «ለእሷ ባንነግራትስ? የጠራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ጠርታችሁ አላጣችሁኝም፤ ደግሞም ወጥቻለሁ።» አማቴ ካልሲያቸውን እየጨመቁ ነበር። ያኔ ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ለሁሉም ከፍተው ነው የሚያወሩት።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» አለች ባለቤቴ።

«ወጥቷል» አሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ከጎኔ ቆሟል። ወጥቷል።»

«ከምን?»

ፊቴን በኮቱ ሸፈንኩ። አማቴ ሁሉንም ነገሯት፤ ስለ ደመናው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ጀልባዋ። ውሸት አልቀላቀሉም፣ የእኔንም ጥፋት አላሳነሱም። እሷ አላቋረጠችም። ሲጨርሱ፣ «ስትጠራው መለሰልህ ወይ?» አለች።

«እሱ ነው የጠራኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ደህና አይደለሁም ብሎ።»

አማቴ ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉት።

«ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያ፣ «ስጠው እስቲ» አለች።

ስልኩን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«እንዴት ነህ?» አለችኝ። ሌላ ጥያቄ አላስከተለችም፤ ጠበቀችኝ።

አፌ የለመደውን ሊል ተነሥቶ ነበር። ዘጋሁት።

«በጣም በርዶኛል» አልኳት። «ፈርቼ ነበር። ፍርሃቱ አሁንም አልለቀቀኝም።»

«እሺ» አለች። «እየሰማሁህ ነው፤ ቀጥል።»

ስለ ድንኳኑ አላነሣችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።